የዓሣ ቤቱ ወለልና አሥራ ሁለቱ ጣሳዎች

ኤድመንተን፣ መስከረም 14

ለተከበሩ አክስቴ ለፊሎሜን

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? መረብዎ አይቀደድ፣ እሳትዎ አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ።

ሳህኑን ሳልጨርስ ብድግ ብዬ ወደ አውሮፕላኑ በመሮጤ ይቅር ይበሉኝ። የበደልኩት እርስዎን ብቻ አይደለም፣ ዓሣ ሊቆረጥበት የሞላሁትን የዓሣ ቤቱን ወለልም ነው። ኮንክሪት ሞልቶ በሦስተኛው ቀን ጥሎ መሄድ በእኛ ሥራ ነውር ነው፤ ቢያንስ ሰባት ቀን አጠገቡ መቆየት ነበረብኝ። ግን እዚህ ስብሰባ ነበረ፣ ተናጋሪውም እኔ ነበርኩ። ስሜን ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳየው እግሬ ፈጠነ።

ስልክ ላይ ስለማይሰማዎት ስለ ጣሳዎቹ ያልኩትን በጽሑፍ ልድገመው። ጣሳ የሚመስሉት አሥራ ሁለቱ ናሙናዎች ከወለሉ ጋር ከአንድ ሚክሰር የወጡ ናቸው። ከወለሉ ጠርዝ ሳይርቁ፣ በዚያው ጭድና ሸራ ስር ይቆዩ። ማንም አያንሳቸው፣ ቤት አይግቡ፣ እርስዎም አይዘኑላቸው። ይህ ድብልቅ ብርድ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ምን ያህል ቀስ እንደሚል ደግሞ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወለሉን የበረደው እነሱንም ይብረዳቸው። ወለሉን አምጥቼ እዚህ መስበር አልችልም፣ እነሱን ግን ማሽን ውስጥ ከትቼ እሰብራቸዋለሁ፤ ወለሉ ስንት እንደሚሸከም የሚናገሩልኝ እነሱ ናቸው። በሃያ አምስተኛው ቀን ግድም በአውሮፕላን ይላኩልኝ።

በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነስተው «የልጄ እጅ ያለበት ነው» ያሉልኝን አልረሳውም። ጋሼ አልፎንስ «ያ ኩሬ ዓሣችንን በላ፣ አሁን ደግሞ በጆንያ ሆኖ መጣልን» ሲሉ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እውነታቸውን ነው። ኩባንያው ዘይቱን ከአሸዋው ቀቅሎ ካወጣ በኋላ ኩሬው ውስጥ ያጠራቀመውን ዝቃጭ ነው እኛ የምንወስደው፤ ጭቃውን ከዘይት አጥበን፣ ሸክላ እንደሚተኮስ በሰባት መቶ ዲግሪ ተኩሰን፣ ዱቄት አድርገን፣ ከሲሚንቶው አንድ ሦስተኛውን በእሱ እንተካለን። ኩሬው ዕድሜ ልካችንን ከላያችን ተቀምጦ ከሚያስፈራራን ከእግራችን ስር ገብቶ ቢሸከመን ይሻላል ብዬ ነው የገባሁበት።

ጣሳዎቹ ሃያ አምስት ሜጋፓስካል፣ ማለትም መሠረት የሚጠይቀውን ጥንካሬ፣ ከተሸከሙ በመጪው ሰኔ የአዛውንቶች ቤት መሠረት በዚሁ ድብልቅ ይሠራል ተብሏል። አሥራ ሁለት ሰው የሚኖርበት፣ ደረጃ የሌለው ቤት። ጋሼ አልፎንስ በመጀመሪያው ክፍል፣ እርስዎ በሁለተኛው። ጎረቤትነቱን እንዴት እንደሚችሉት አላውቅም።

አክባሪዎ ዱዌይን


ሬድ ዊሎው፣ ጥቅምት 3

ለልጄ ለዱዌይን

ደህና ነህ ወይ? ከከተማው መኪናና ከከተማው ምግብ ይሰውርህ። እኔ አለሁ። በአዳሪ ትምህርት ቤት መነኮሳቱ በጥፊ ካስተማሩኝ ሁሉ የተረፈኝ ይህ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ላንተ ካልተጠቀምኩበት ለማን ላደርገው ነው።

በሄድክ ማግስት ንፋስ መጥቶ ሸራውን ገለበጠው። ድንጋይ ጫንኩበት። በሳምንቱ ውርጭ ወረደ፤ የውሾቹ መጠጫ ላይ በረዶ ጋግሮ በመጥረቢያ ሰበርኩት። ያለኝን ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ጣልኩ። ወለሉ ግን ሰፊ ነው፣ የኔ ብርድ ልብስ ደግሞ አራት ብቻ ነው።

አልፎንስ በየቀኑ ምርኩዙን እየወዘወዘ ይመጣል። «ለኩሬ ጭቃ ብርድ ልብስ? እኔ ስታመም ትራስ እንኳ አላመጣሽልኝም» ይለኛል። ጭቃው ካንተ የተሻለ ያደምጠኛል አልኩት። ትናንት ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት «ልጅሽ እኮ አይደለም፣ የአክስትሽ የልጅ ልጅ ነው፤ ለሩቅ ዘመድ ይህን ያህል ዋስ ይሆኗል?» አለኝ። ጡት ባላጠባውም ዓሣ አብልቼ አሳድጌዋለሁ፣ ካንተ ምላስ የእሱን እጅ አምናለሁ ብዬ መለስኩለት። ሳቁበት። ይህን የምጽፍልህ እንድታውቀው ነው፤ አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩልህ።

ጣሳዎችህ ደህና ናቸው። አልበረዳቸውም። እንዳይደርቁም ጠዋትና ማታ ውሃ ስረጭባቸው ሰንብቻለሁ። ይኸው ባልከው ቀን ልኬልሃለሁ። የላክሁት አሥር ነው። ሁለቱ ቀርተዋል፣ ስለ እነሱ አትጠይቀኝ።

ነጭ ዓሣው ዘንድሮ መረብ ይቀድዳል፤ ጭስ ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። የላስቲክ ጓንት ላክልኝ። የድሮው ተቀዶ ውሃው ጣቶቼን እየበላኝ ነው።

ፊሎሜን


ኤድመንተን፣ ጥቅምት 21

ለተከበሩ አክስቴ

ይህ ደብዳቤ ምድጃዎ ሞቆ፣ ውሾችዎ ጠግበው ያግኝዎት።

የምሥራች ነው የያዝኩት። በሃያ ስምንተኛው ቀን ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ማሽኑ ውስጥ አስገባናቸው። ሃያ አምስት ቢሸከሙ ይበቃን ነበር፤ የመጀመሪያው ሠላሳ ሰባት ላይ ነው የፈነዳው። ሁለተኛው ሠላሳ ስምንት። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያም አለፈ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሂልዳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ውርጭ ላይ አድሮ ይህን ያህል ከተሸከመ፣ እኛ ብርዱን የፈራነው በከንቱ ነው» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ከዚህ በፊት ተጨብጭቦልኝ ስለማያውቅ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። ሳጥኑን ስንከፍተው ክፍሉ በሙሉ ጭስና ዓሣ ሸተተ። አንዱ ባልደረባዬ «ምሳውን እዚህ ያስቀመጠ ማነው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የመንደራችን አየር እንዲህ ነው አልኳቸው።

ሁለቱ በመቅረታቸው አይጨነቁ። አሥሩ ከበቂ በላይ ናቸው።

የአዛውንቶች ቤት ወረቀት ተፈርሟል። ወንዙ እንደተከፈተ፣ በሰኔ፣ የመጀመሪያው የጭነት ጀልባ ዱቄቱን ይዞላችሁ ይመጣል። በሪፖርቱ ላይ ስሜ ከዶክተር ሂልዳ ቀጥሎ ነው የተጻፈው። እናቴ በሕይወት ኖራ ብታየው ብዬ ተመኘሁ።

ጓንቱን ልኬያለሁ፣ ሦስት ጥንድ ነው።

አክባሪዎ ዱዌይን


ሬድ ዊሎው፣ ታኅሣሥ 19

ለልጄ ለዱዌይን

ሰላም ላንተ ይሁን። ለመልሴ መዘግየት ወንዙን ውቀስ። አውሮፕላኑ በጉም ቆመ፣ ጀልባው በበረዶ ቆመ፣ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ደግሞ ገና ትናንት ተከፈተ። እንዲያም ሆኖ እውነቱን ልንገርህ፣ ብዕሩን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

ደብዳቤህን ለመንደሩ አነበብኩላቸው። ሠላሳ ስምንት የሚለውን ሦስቴ አስደገሙኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ባይኖርም ሁሉም ደስ አለው። አልፎንስ ብቻ «እስኪ ቁጥሩ መጥቶ ዓሣ ይቁረጥ» አለ። ጓንቱ ልክ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ወለሉ አልጠየቅከኝም። በመጀመሪያው ደብዳቤህ ከወለሉ ውጭ ወሬ አልነበረህም፣ በሁለተኛው አንዴም አላነሳኸው። ብትጠይቀኝ የምነግርህ ይህን ነበር፦ በረዶ ሳይሸፍነው በፊት በወንዙ በኩል ያለውን ጥግ ስጠርገው እንደ ዱቄት እየተነሳ መጣልኝ። መጥረጊያዬ ጠንካራ ሆኖ ይሆናል። አሁን በረዶ ለብሷል፣ ምንም አይታይም።

ለገና ና። መንገዱ ክፍት ነው፣ የአልፎንስ የልጅ ልጅ በመኪናዋ ታመጣሃለች። የሙስ አጋዘን ሥጋ አለ። ዕቃ አልጠይቅህም፣ አንተ ብቻ ና።

ፊሎሜን


ኤድመንተን፣ የካቲት 11

ለተከበሩ አክስቴ

ብርዱ እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ማገዶዎ ደረቅ፣ ደጅዎ የተጠረገ ይሁን።

ለገና ባለመምጣቴ፣ ላለመምጣቴም እስከዛሬ ምክንያት ባለመጻፌ አፍሬያለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። በሚያዝያ ትልቅ ስብሰባ አለ፤ ከኩባንያዎቹም ከመንግሥትም ሰዎች ይመጣሉ። ስለ እኛ ወለል የምናገረው እኔ ነኝ።

የወለሉ ጥግ ስላሉት፣ አዲስ ኮንክሪት ላዩ ትንሽ መቧጠጡ ያለ ነገር ነው። የመጥረጊያ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለስብሰባው ፎቶግራፍ ያስፈልገኛል። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ወለሉን አስጠርገው፣ የአልፎንስ የልጅ ልጅ በስልኳ ታንሳልኝ። ከመንገዱ በኩል ሆና፣ ወደ ጭስ ቤቱ አቅጣጫ ብታነሳው ጥሩ ነው። በወንዙ በኩል ያለው ጥግ ባይታይም ግድ የለም።

አክባሪዎ ዱዌይን


ኤድመንተን፣ ሚያዝያ 16

ለተከበሩ አክስቴ

እንዴት ነዎት? ከየካቲት ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ፎቶግራፉም አልመጣም። ታመው ይሆን ብዬ ጤና ጣቢያው ደውዬ ነበር። ነርሷ ደህና እንደሆኑ፣ ትናንትም የበረዶ ጫማዎን አድርገው በበሩ እንዳለፉ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋኝ።

ስብሰባው አልፏል። ያለ ፎቶግራፉ ተናገርኩ። ከተናገርኩ በኋላ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ እጁን አውጥቶ «ናሙናዎቹ በእርግጥ ከወለሉ ጋር ውጭ ነው ያደሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

መቶ ሃያ ጆንያ ዱቄት ለሰኔ ጀልባ ተዘጋጅቷል። እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ዱዌይን


ሬድ ዊሎው፣ ግንቦት 21

ለዱዌይን

ሰላም ነህ? ሰላምታዬን ባጭሩ ውሰደው፤ ረጅም ሰላምታ ከጻፍኩ ልቤ ይከዳኝና ዋናውን እተወዋለሁ።

አልፎንስ ወደቀ። ሐሙስ ዕለት ሴቶቹ የዓመቱን የመጀመሪያ ዓሣ ሲቆርጡ ሊለክፈን መጥቶ ወለሉን በወንዙ በኩል ረገጠው። የምርኩዙ ጫፍ ኮንክሪቱ ውስጥ ሰመጠ። እርጥብ ብስኩት ውስጥ የገባ ነበር የሚመስለው። በእጁ ላይ ነው ያረፈው፣ አንጓው ተሰበረ።

ወለሉ በረዶው ሲለቀው ጀምሮ እየተላጠ ነው። ጥጉ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ ነው። እኔ ከሚያዝያ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ሰው እንዳያየው ሸራህን መልሼ አለበስኩት። ፎቶግራፉን ያልላክሁልህ ለዚህ ነው። «ጥጉ ባይታይም ግድ የለም» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ለሦስት ወር ብዕር መንካት ጠላሁ። አንተም እንደምታውቅ ያኔ ገባኝ።

ይኸውልህ ደግሞ የባሰው። ነርሷ እንዴት ወደቅህ ብላ ስትጠይቀው አልፎንስ ጠጥቼ ነው አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብታ አልቀመሰም። መንደሩ ሁሉ አሁን ሽማግሌው ወደ መጠጡ ተመለሰ እያለ ነው፤ የልጅ ልጁ ሁለት ቀን ስታለቅስ ሰነበተች። ለምን እንዲህ አልክ ብዬ ቤቱ ድረስ ሄድኩበት።

«ስብሰባ ላይ ቆመሽ የተናገርሽለት ልጅ ነው» አለኝ። «አንቺ ያን ቃል መልሰሽ መዋጥ አይሆንልሽም። የአንድ ሳምንት ሐሜት እኔ እችለዋለሁ።»

ስድሳ ዓመት ስሰድበው የኖርኩት ሰውዬ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን ስለ ጣሳዎቹ ስማኝ። ውርጩ የወረደ ዕለት ጭስ ቤት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ ቀድሞ ነው የደረሰኝ፣ አንብቤዋለሁም። ግን በእናቴ ቤት፣ በእኔም ቤት፣ ራቅ ብሎ የሄደ ዘመድ የተወው ነገር የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ውጭ አያድርም። መቅዘፊያውም፣ ወጥመዱም፣ አሮጌ ጫማውም ይገባል። ካልገባ ሰውየው ባለበት ሲበርደው ያድራል እንላለን። ልጅ ሆነህ አባትህ ለሥራ ሲሄድ ጫማውን ማን ያስገባ እንደነበር አንተው ታውቃለህ። ጣሳዎቹ ላይ ስምህ ተጽፎባቸዋል። ስምህን ውርጭ ላይ ትቼ እንዴት ልተኛ? ሁለት ሁለት እያልኩ ተሸክሜ ከዓሣው ስር ደረደርኳቸው፣ እርጥብ ጆንያ አለበስኳቸው፣ እሳቱን ሳላጠፋ ከረምኩ። የራሴን እግር እንኳ እንደዚያ አሙቄ አላውቅም።

አሥረኛውን ካስገባሁ በኋላ ወገቤ እምቢ አለ። ሁለቱን ነገ አስገባለሁ ስል በማግስቱ በረዶ ወደቀ። ዕቃውን የምልክበት ቀን ሳያቸው ፊታቸው ተልጦ፣ አመዳይ ለብሰው፣ የደኸየ ዘመድ መስለው አገኘኋቸው። ከአሥሩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ላደርጋቸው አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በስምህ ከተማ ሊገባ አይገባም ብዬ ተውኳቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ በስብሰባው ላይ ተነስቼ እናገራለሁ፤ አልፎንስ እንዳልጠጣም እናገራለሁ። ላንተ ያለኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ጀልባው በሰኔ ይምጣ ወይስ አይምጣ? ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚተኛው።

ሁለቱ ጣሳዎች አሉ። አንተ ባስቀመጥክበት ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም።

ፊሎሜን


ኤድመንተን፣ ግንቦት 30

ለአክስቴ

ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም፤ ዘንድሮ እሳትዎ እንዳልጠፋ ብቻ እመኛለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው ብለው እንዳይናገሩ። እሑድ ከማለፉ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎት ለአብራሪው በእጁ ነው የምሰጠው።

እኔ ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት አውቄያለሁ። ከዚያም በፊት አውቄያለሁ። «አልበረዳቸውም» ብለው ሲጽፉልኝ ያችን መስመር ሁለቴ አንብቤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ጭስ ቤት ውስጥ ዓሣ እየገለበጥኩ ነው ያደግሁት፤ እርስዎ የሚያነዱት የበሰበሰ የፖፕላር ዛፍ እንጨት መሆኑን ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ሳጥኑ ሲከፈት ሌሎቹ የሸተታቸው ጭስ ነው፤ እኔን የሸተተኝ የእርስዎ ቤት ነው። የአባቴን ጫማ ማን ያስገባ እንደነበርም አልረሳሁም። አይዘኑላቸው ብዬ የጻፍኩልዎት እኮ ስለማውቅዎት ነው።

ያልነገርኩዎት ደግሞ አለ። ጣሳዎቹ ታችኛው በኩል ጥቀርሻ ነበረባቸው። ዶክተር ሂልዳ ገብተው ከማየታቸው በፊት አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳቸው። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላየኝም። እርስዎ ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ስለ ኮንክሪት የሚያውቁትም እኔ የነገርኩዎትን ብቻ ነው። እኔ ግን የማደርገውን እያወቅሁ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰው ፊት ቆምኩ፣ ሽማግሌውን መሐንዲስ ፊት ለፊት እያየሁ አዎ አልኩት። ጋሼ አልፎንስ ባልሠሩት ነገር ስማቸውን አቆሸሹ፤ እኔ ደግሞ በሠራሁት ነገር ስሜን አስጨበጨብኩ።

ጀልባው አይመጣም። ነገ ጠዋት ለዶክተር ሂልዳ እነግራቸዋለሁ።

ሁለቱን ጣሳዎች ይላኩልኝ። አያጥቧቸው፣ አይጠቅልሏቸው። እንዳሉ ይምጡ።

ዱዌይን

ደብዳቤውን ሳላሽገው ጨመርኩበት፦ ነግሬያቸዋለሁ። ዶክተር ሂልዳ «ጨርቁን የት ጣልከው?» ብቻ አሉኝ። ለምን እንደጠየቁኝ አላውቅም።


ኤድመንተን፣ ሰኔ 17

ለተከበሩ አክስቴ

ሁለቱ ጣሳዎች ደርሰዋል። አልተጠቀለሉም፣ እንዳልኩት። ጭቃቸውም አብሮ መጥቷል።

ማሽኑ ውስጥ ያስገባኋቸው ራሴ ነኝ፤ ሁሉም ቆሞ ያይ ነበር። ዘጠኝ ወር ቆይተውም የመጀመሪያው አሥራ አንድ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው አሥር። ድምፅ እንኳ አላሰሙም፣ ዝም ብለው ተናዱ። ያጨበጨበ የለም፣ የሳቀም የለም። ቁጥሩን በራሴ እጅ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ከሠላሳ ስምንቱ አጠገብ «ጭስ ቤት ውስጥ የሞቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ስሜ ከሪፖርቱ ወጥቷል፤ እኔ ነኝ ያስወጣሁት። በስብሰባው ለነበሩት ሁሉ የተሳሳተ ነገር እንደነገርኳቸው ደብዳቤ ተልኮላቸዋል፣ ከስሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከሥራ አላባረሩኝም። ባባረሩኝ ያልኩበት ቀን አለ። ዶክተር ሂልዳ እንዳሉት ከሁሉም የሚያስቆጨው ዱቄቱ ጥፋት የሌለበት መሆኑ ነው። ሞቅ አድርጎ ለያዘው ሠላሳ ስምንት ይሸከማል፤ ብርድ ላይ ለተወው አሥራ አንድ። እርስዎ በአራት ማዕዘን ጭስ ቤት ያወቁትን እኛ በሦስት ዓመት ጥናት አላገኘነውም ነበር። የአዛውንቶች ቤት መሠረት ለከርሞ ተላልፏል፣ በተራ ሲሚንቶ ይሁን በእኛ የሚወስነው መንደሩ ነው።

በመስከረም ልመጣ እፈልጋለሁ። ከመንደሩ ፈቃድ ካገኘሁ ወለሉን በመዶሻ ሰብሬ፣ አውጥቼ፣ እንደገና እሞላዋለሁ። በዚህ ጊዜ የሚያሞቅ ልባስ ይዤ፣ ሃያ ስምንቱንም ቀን እዚያው ሆኜ። እምቢ ካሉኝ ለመስበሩ ብቻ እመጣለሁ።

ለጋሼ አልፎንስ ለብቻ ጽፌላቸዋለሁ። የሚያነቡት አይመስለኝም።

ዱዌይን


ሬድ ዊሎው፣ ሐምሌ 5

ለልጄ ለዱዌይን

ሰላም ላንተ፣ በያለህበት። መዶሻ የሚችል ወገብ ይስጥህ።

የግንቦቱ ደብዳቤህ ከእሑዱ ስብሰባ በፊት ቅዳሜ ደርሶኝ ነበር፣ ከመናገር ግን አላስቀረኝም። የኔን ተናገርኩ፣ ያንተንም አነበብኩላቸው፣ ጥቀርሻውንም ጨርቁንም ሳላስቀር። ሰዉ አንገቱን ደፋ። አልፎንስ በተሰበረ እጁ ተነስቶ «እኔ ኩሬውን ስሰድብ ነበር የኖርኩት፤ ለካ ኩሬው አልዋሸም፣ የዋሸነው እኛ ሦስታችን ነን» አለ። ከዚያ መሥመር ይዘው እየመጡ ጨበጡት፣ በደህና እጁ። የልጅ ልጁም ከጎኑ ሄዳ ተቀመጠች። ለብቻው የጻፍክለትንም ደብዳቤ አንብቦታል። ትራሱ ስር ነው ያለው፣ አይቻለሁ።

መንደሩ ፈቅዷል። ና ስበር፣ ና ሙላ። ለአዛውንቶቹ ቤት ግን ያንተን ወለል አንድ ክረምት አሳልፈው ካዩ በኋላ ነው የሚወስኑት፣ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ይህን ስል ደስ እንዳይልህ፣ እንዳይከፋህም።

አሁን ደግሞ የኔን ትእዛዝ በወረቀት ያዝልኝ፣ አንተም ብትሆን የሚሰማህ አይመስለኝም። ድንኳንህን ወለሉ ጠርዝ ላይ ትተክላለህ። ውርጭ ቢወርድም በረዶ ቢጥልም እዚያው ታድራለህ። ጭስ ቤቱ ዘንድሮም ሙቅ ነው፣ ቤቴም ሙቅ ነው፣ አትገባም። ወለሉን የበረደው አንተንም ይብረድህ። የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ አላስገባህም፤ ለእኔ ከባድ እንደሚሆን ታውቃለህ፣ እኔም ልማረው። ሾርባ እልክልሃለሁ፤ የሚያመጣልህ አልፎንስ ነው፣ ምን ሊልህ እንደሚችል አስቀድመህ ተዘጋጅ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን በሬን አንኳኳ።

ፊሎሜን